እንኳን ላይሰንሱ ተቀየረላችሁ!

የኦፕን ሶርስ (ኮዱን ማንም በነፃ የሚጠቀምበትና የሚያሻሽለው ሶፍትዌር) ስታርትአፕ መስራቾችን፣ ካደጉ በኋላ ላይሰንሱን፣ ማለትም የአጠቃቀም ፈቃዱን፣ ይቀይራሉ እያለ የሚያማ ሰው በዝቷል። ምቀኝነት ነው። እኔ በበኩሌ እንደነሱ ተረት የሚያውቅ ሰው አላየሁም። አዲስ ለምትጀምሩ፣ ከታላላቆቹ የለቀምኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ታሪክ ይኑራችሁ። ሶፍትዌሩ በኋላ ይደርሳል። ታሪኩ ውስጥ ብር የሚባል ነገር እንዳይነሳ። ፍቅር ይኑርበት፣ ከተቻለም ወጥ ይሽተት። ሻይ ባኖንን ተመልከቱ። ሚስቱ ለንደን የምግብ ሙያ ስትማር፣ የምግብ አሠራር የምትፈልግበት ነገር ሊሠራላት ተነሳ። ከዚያ ኢላስቲክሰርች የተባለው የመፈለጊያ ሶፍትዌር ተወለደ፤ ኩባንያው ኢላስቲክም እ.ኤ.አ. በ2018 ኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ገባ። ሚስትየዋ ያንን የምግብ ነገር እስካሁን እየጠበቀች ነው እያሉ ይቀልዳሉ። እንዲህ ዓይነቱን ሰምቶ ቼክ የማይፈርም ኢንቨስተር ልብ የለውም።

ልጅ ያላችሁ ደግሞ ታድላችኋል። ሚካኤል ዊዴኒየስ ማይኤስኪውኤል የተባለውን ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ ሶፍትዌር) በልጁ ስም ሰየመው። በ2008 ሰን የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ በ1 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ቀጥሎ ለሠራው ዳታቤዝ የታናሿን ስም ሰጠው፤ ማሪያዲቢ። ልጅ ሀብት ነው የሚባለው ለካ ለዚህ ኖሯል።

ታሪኩ ከተገኘ ቤተሰብ አብዙ። «ሠራተኛ» እንዳትሉ፣ ደመወዝ ይጠይቃል። «ኮሚዩኒቲ» በሉ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ባጋችሁን (የኮድ ስህተታችሁን) የሚያስተካክል ልጅ ከየትም ይመጣል። ኮዱን ሲልክ ቦት ትቀበለዋለች፦ «እናመሰግናለን! ከመቀበላችን በፊት እዚህች ጋ ፈርምልን።» ወረቀቱ ረጅም ነው። ልጁ እንቅልፉ መጥቷል፣ ሳያነብ ይፈርማል። ውስጡ ግን በጨዋ የጠበቃ ቋንቋ «የላክኸውን ነገ በፈለግነው ላይሰንስ ብናወጣው ቅር እንዳይልህ» ይላል። ስቲከር ይላክለታል። ላፕቶፑ ላይ ይለጥፋል። ከደቦ የሚለየው፣ ደቦ ላይ ጠላ መኖሩ ነው።

ከዚያ ማሉ። ሳትሰስቱ ማሉ። ኢላስቲክ በ2018 «የአፓቺ 2.0 ኮዳችንን ላይሰንስ አልቀየርንም፣ መቼም አንቀይርም» ብሎ ጻፈ። አፓቺ 2.0 ማንም ኮዱን ወስዶ እንዲሸጥ እንኳ የሚፈቅድ ላይሰንስ ነው። በጥር 2021 እንደሚቀይር አስታወቀ። መሐላ ማፍረስ እንኳ ማንም ያውቅበታል፤ ጥበቡ ያለው ርዕሱ ላይ ነው። ከኦፕን ሶርስ መውጣታቸውን ያበሰሩበት ጽሑፍ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ለክፍትነት ከበፊቱ እጥፍ ቆርጠናል፣ ክፍል ሁለት» ነው። «ክፍል ሁለት» የምትለዋን አድንቁልኝ። ተከታታይ ድራማ መሆኑን እንኳ አልደበቁንም።

ምክንያት አልነበራቸውም አልልም። አማዞን ኮዱን ወስዶ አገልግሎት አድርጎ ይሸጥ ነበር። ያናድዳል። ግን ላይሰንሱ የፈቀደው እኮ ይህንኑ ነው፤ ዓለም ሁሉ ሶፍትዌሩን ያለ ስጋት የወሰደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይቅርታ፣ ማመስገን ላይ ነበርኩ።

ሀሺኮርፕም አይረሳ። በነሐሴ 2023 ቴራፎርም የተባለውን የሰርቨር ማዘጋጃ ሶፍትዌሩን «ቢኤስኤል» ወደሚባል ላይሰንስ አሻገረው። ከእኛ ጋር ካልተፎካከራችሁ ተጠቀሙ፣ እያንዳንዱ እትም ደግሞ አራት ዓመት ሲሞላው ኦፕን ሶርስ ይሆናል ተባለ። በሶፍትዌር ዓለም አራት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቅር ያላቸው ኮዱን ፎርክ አድርገው፣ ማለትም ገልብጠው ለብቻ ሊያሳድጉት ወስደው፣ ኦፕንቶፉን መሠረቱ። በ2024 አይቢኤም ሀሺኮርፕን በ6.4 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ከዚህ ውስጥ ለኮሚዩኒቲው ስንት ደረሰው ብላችሁ እንዳትጠይቁ። በቤተሰብ መሀል ሂሳብ የለም።

ሬዲስ የተባለው ዳታቤዝም በመጋቢት 2024 ያንኑ መንገድ ተከተለ። ወሩ ሳያልቅ የቀድሞ ኮንትሪቢዩተሮቹ (ኮድ ያዋጡለት ሰዎች) ሊነክስ ፋውንዴሽን በተባለው የኦፕን ሶርስ ድርጅት ስር ቫልኪ የተባለውን ፎርክ ይዘው ብቅ አሉ። ሰው እንዲህ ፈጥኖ ሲሠራ ያያችሁት መቼ ነው? ኮሚዩኒቲን ለማነቃቃት እንደ ላይሰንስ ለውጥ ያለ የለም።

እንዲህም ሆኖ ከከፋ መመለስ ይቻላል። ኢላስቲክ በነሐሴ 2024፣ ሬዲስ ደግሞ በግንቦት 2025 ኤጂፒኤል የተባለውን የኦፕን ሶርስ ላይሰንስ ጨምረው ተመለሱ። ኢላስቲክ «ኦፕን ሶርስ ነን፣ እንደገና» ብሎ አበሰረ። እልልታው ቀለጠ። ስትመለሱ ታዲያ «አጥፍተናል» ማለት ነውር ነው። በገበያው የነበረው ግርታ ጠርቷል በሉ። ኢላስቲክ እንዳለው፣ ከአማዞን ጋር ያለን አጋርነት ከምንጊዜውም በላይ ጠንክሯል በሉ። ያንን የሌሊት ስምንት ሰዓቱን ልጅ ለእርቁ መጥራት ግዴታ አይደለም። ፈርሟል።