«አላውቅም» ማለት ለምን አቃተን?

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ልወቅሳችሁ ነው። የምወቅስበት ጉዳይ ትንሽ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል፤ መንገድ ላይ አስቁሞ «ይቅርታ፣ እንዲህ የሚባለው ቦታ በየት በኩል ነው?» ስለሚለን ሰውና እኛ ስለምንሰጠው መልስ ነው። ይህ ከቁም ነገር ሳንቆጥረው የምናልፈው አጭር ንግግር አንዲትን እናት ምን እንዳሳጣ በዓይኔ ካየሁ ወዲህ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ይቅር ለማለት ሞክሬ አልሆነልኝም፤ እንዲሆንልኝም ገና አልፈልግም።

እናቲቱ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ልጃቸው ታሞ ሆስፒታል መተኛቱንና በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቀዶ ሕክምና እንደሚደረግለት በስልክ ሲነገራቸው ሌሊቱን ሙሉ ተጉዘው፣ ማለዳ ላይ ረግጠውት በማያውቁት ከተማ ከአውቶቡስ ወረዱ። ማንበብ ስለማይችሉ የሆስፒታሉን ስም የጎረቤት ልጅ በወረቀት ጽፎላቸው፣ ወረቀቱን በመሐረባቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘውት ነበር። ያሰቡት ቀላል ነገር ነው፤ ወረቀቱን እያሳዩ ጠይቀው ይደርሳሉ፣ ልጃቸው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመግባቱ በፊት ያዩታል፣ ይመርቁታል። ለዚህ የሚበቃ ጊዜ ነበራቸው፤ እንዲያውም ተርፏቸው ነበር።

እኔ ያገኘኋቸው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ጫማቸውን አውልቀው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ተረከዛቸው ተልጦ ደም አዝሏል። ምን ሆነው እንደሆነ ስጠይቃቸው «ደክሞኝ ነው የኔ ልጅ፣ ትንሽ ልረፍና እሄዳለሁ» ካሉኝ በኋላ፣ ቋጠሯቸውን ፈተው ወረቀቱን ዘረጉልኝ። ብዙ እጅ ነክቶት፣ በላብ ርሶ፣ መታጠፊያው ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ጽሑፉ ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ ሊያነበው የሚችል ነበር፤ አንብበውታልም።

ክንዳቸውን ይዤ ወደ ሆስፒታሉ ስንመለስ፣ ቀኑን እንዴት እንዳሳለፉት እያረፉ አወሩኝ። መጀመሪያ የጠየቁት ፌርማታው ላይ የቆመ አንድ ወጣት ነበር፤ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ በአገጩ ወደ ፊት እያመለከተ «ቀጥ ብለው ይሂዱና ከዚያ ይጠይቁ» አላቸው፤ ቀጥ ብለው ሄዱ። ቀጥሎ አንድ የግቢ ጥበቃ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ አነበበ፣ ጥቂት አሰበና «ይሄማ ወደ ላይ ነው እናቴ፣ ቅርብ ነው» አላቸው፤ ዳገቱን ወጡ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ሁለት ጎልማሶች አገኙ። አንዱ በቀኝ ነው ሲል ሌላው በግራ ነው አለ፤ ክርክሩ ብዙም ሳይቆይ ከሆስፒታሉ ወጥቶ ከተማውን ይበልጥ የሚያውቀው ማን ነው ወደሚል ተለወጠና፣ እሳቸው በመካከላቸው ተረስተው ቆሙ። በመጨረሻ ድምፁ የበረታው አሸነፈ፤ እሱ ወዳለው ሄዱ። አንዲት መኪናዋን ልታስነሣ የነበረች ሴት ደግሞ ወረቀት የያዘ እጅ ወደ መስኮቷ ሲቀርብ ልመና መስሏት፣ ሳታነበው «እግዜር ይስጥዎ» ብላ መስታወቱን ዘጋች። የመጨረሻዎቹ ተሰብስበው የተቀመጡ ልጆች ናቸው። እየተጠቃቀሱ ከመጡበት በተቃራኒው ላኳቸው። ዞር ሲሉ ሳቃቸውን ሰምተዋል፤ «የራሳቸው ጨዋታ ይሆናል ብዬ ነው» አሉኝ።

ሆስፒታሉ ማለዳ ከወረዱበት ፌርማታ ጀርባ ነበር። ያ ወጣት አንገቱን ቀና ቢያደርግ ሕንጻውን ከቆመበት ያየው ነበር።

ስንደርስ የሕመምተኛ መጠየቂያ ሰዓት አልፏል፤ በረኛው ግን ፊታቸውን አይቶ መከልከል አልሆነለትም። ልጃቸው ቀዶ ሕክምናው አልቆለት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቷል፤ አልነቃም። ነርሷ እናቱ መሆናቸውን ስታውቅ «ከመግባቱ በፊት እናቴ አልደረሰችም ወይ እያለ ሲጠይቅ ነበር» አለቻቸው። ሌሊቱን እጁን ይዘው አደሩ። ሊነጋጋ ሲል ልጃቸው አረፈ። እናት ደርሰውለታል፤ ለመነጋገር ግን አልደረሱም።

ወገኖቼ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሕግ የሚጠይቀው ሰው የለም። ልጁ የሞተው በሕመሙ ነው፤ እናቱ በሰዓቱ ቢደርሱም ምናልባት ይሞት ነበር። የተነጠቁት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለአንዲት እናትና ለልጇ የቀረ አንድ ጠዋት ነው። የነጠቋቸውም ሽፍቶች ሳይሆኑ እኔና እናንተ በየማለዳው ሰላም የምንላቸው ሰዎች፣ ማለትም እኛው ራሳችን ነን።

ስለ ልጆቹ ሳቅ ብዙ አልናገርም። ዕውርን ከመንገድ የሚያስት በሕዝብ ሁሉ ፊት እንዲረገም ያዘዘ ጥንታዊ ሕግ እንዳለ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ማንበብ የማይችል ሰው በማያውቀው ከተማ ያለው መታመኛ የሰው አፍ ብቻ ነውና ይህ ግፍ ከዚያ አያንስም። ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን ከመቀመጫው የተነሣው የግቢ ጥበቃ ነው። ሰውየው ክፉ አልነበረም። አክብሯቸዋል፣ ወረቀታቸውን በሁለት እጁ ተቀብሏል፣ «እናቴ» ብሏቸዋል። ያጣው ነገር ቢኖር «አላውቅም» የምትለዋን ቃል ማውጣት ብቻ ነው። ያንን ሁሉ ዳገት ያስወጣቸው ጭካኔ ሳይሆን ባዶ እጃቸውን ላለመመለስ የተደረገ ደግነት ነው፤ እኛም ሁላችን ያለብን በሽታ ይኸው ነው። እንግዳ ጠይቆን አለማወቃችንን መናገር ያሳፍረናል፤ ስለዚህ የማናውቀውን በሙሉ ልብ እናመለክታለን፣ እንግዳው አመስግኖን ይሄዳል፣ እኛም መልካም ሥራ እንደ ሠራ ሰው ወደ ጉዳያችን እንመለሳለን። የጠቆምንበት መንገድ የት እንዳደረሰው የምናይበት ጊዜ ስለሌለ ስሕተታችንን በፍጹም አናውቀውም።

እስቲ አስቡት። «አላውቅም» የተባለ ጠያቂ የሚያጣው የአንድ አፍታ ጊዜ ነው፤ ወዲያው ሌላ ሰው ይጠይቃል። በስሕተት የተመራ ግን መጀመሪያ ጉልበቱን ያጣል፣ ቀጥሎ ሰዓቱን፣ በመጨረሻም ከሁሉ የከፋውን፣ ማመንን ያጣል፤ ሦስት ሰዎች ያሳሳቱት ሰው አራተኛው እውነቱን ሲነግረው እንኳ መጠራጠር ይጀምራል። እኒያ እናት እኔ ክንዳቸውን ይዤ እየወሰድኳቸው «እርግጠኛ ነህ የኔ ልጅ?» እያሉ ደጋግመው ጠይቀውኛል። እንዴት ይቀየሟቸዋል?

የጠፋ ሰው የገዛ እግሩን እንኳ ማመን እንደማይችል በጥናት ታይቷል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በጀርመን ጫካና በቱኒዚያ በኩል ባለው የሰሃራ በረሃ ሰዎችን ቀጥ ብለው እንዲጓዙ አድርገው በሳተላይት መከታተያ አካሄዳቸውን መዝግበዋል። ፀሐይ ወይም ጨረቃ ስትታያቸው መስመራቸውን ጠብቀው ሄዱ፤ ስትሰወርባቸው ግን ቀጥ ብለው እየሄዱ እንደሆነ እያመኑ ዞረው የራሳቸውን ዱካ አቋረጡ። እንግዲህ የጠፋው ሰው መሳሳቱን ከውስጡ የሚነግረው ነገር ከሌለ፣ የቀረው የእኛ ምላስ ነው። ቦታን የሚለዩ የአንጎል ሕዋሳትን ያገኙት ጆን ኦኪፍ፣ ሜይ ብሪት ሞሰርና ኤድቫርድ ሞሰር እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል፤ እነዚያ ሕዋሳት ያሉበት የአንጎል ክፍል፣ ትውስታን በሚያጠፋው በአልዛይመር በሽታ ቀድመው ከሚጎዱት አንዱ ነው። ስለዚህ ባደጉበት ሰፈር ቤታቸውን የሚጠይቋችሁ አዛውንት ቢያጋጥሟችሁ «እዚህ እየኖሩ እንዴት አያውቁም?» ብላችሁ አትገረሙባቸው፤ ቤተሰባቸው እስኪገኝ አብራችኋቸው ቁሙ።

«አሁን እኮ ሁሉም ስልክ ይዟል» የሚሉኝ አሉ። አሜሪካኖቹ ስልካችን የቆምንበትን ቦታ የሚያውቅበትን የጂፒኤስ ሳተላይቶቻቸውን ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ማዋላቸውን ካሳወቁበት ከ1995 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ ነገር ቀሏል፤ አልክድም። ነገር ግን ረጃጅም ሕንጻዎች መካከል ምልክቱ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ የቆምንበትን ያዛባል፣ ባትሪ ያልቃል፣ ካርታው የትኛው በር ዛሬ እንደተዘጋ አያውቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ እጅግ የሚቸገረው ሰው ስልኩ የሌለው ወይም ማንበብ የማይችለው ነው፤ ስልክ የያዘውማ መጀመሪያውኑ እኛን አይጠይቀንም።

መንገድ ማመልከት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ሳንማረው እንደምናውቀው አድርገን መቁጠራችን ሌላው ጥፋታችን ነው። ፊት ለፊት ቆመን ስንነጋገር የእኔ ቀኝ የጠያቂው ግራ ነው፤ ስለዚህ ከመናገራችን በፊት ዞር ብለን ከጎኑ እንቁም፣ እሱ ወደሚያይበት እንይ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ሰው ባንድ ጊዜ በአእምሮው ሊይዝ የሚችለው ሰባት ያህል ነገር ነው ብለው ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን ወደ አራት ዝቅ አድርገውታል፤ የደከመና የተጨነቀ ሰው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ቢይዝ አይፈረድበትም። እኛ ግን በአንድ ትንፋሽ ሰባት መታጠፊያ እንደረድርና «ገባዎት?» እንላለን፤ እንግዳውም አፍሮ «አዎ» ይላል። ከዚህ ይልቅ እስከ ሁለተኛው መታጠፊያ ድረስ ነግረን፣ እዚያ ሲደርስ እንደገና እንዲጠይቅ ብንመክረውና የነገርነውን መልሶ እንዲነግረን ብናደርግ ይሻላል። ምልክት ስንሰጥም የማይንቀሳቀስና ከሩቅ የሚታይ ነገር እንምረጥ፤ የቆመ መኪና ምልክት አይሆንም። አልፎት ቢሄድ ምን እንደሚያይ መንገር ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል፤ «ድልድዩን ካዩ አልፈውታልና ይመለሱ» የተባለ ሰው ሩቅ ሄዶ አይጠፋም። ለዓይነ ስውር ሰው «እዚያ ጋ» እያሉ በጣት መጠቆም ከስድብ አይተናነስም፤ ክንዳችንን እናቅርብለት፣ ከፈለገ ይያዘን፣ ካልፈለገም በግራው ይሁን በቀኙ፣ ምን ያህል እርምጃ እንደሚቀረው በቃል እንንገረው።

ጠያቂዎች የምንሆንበትም ቀን አለና አንድ ነገር ልጨምር። በእጅ እያመለከቱ «በዚህ በኩል ነው አይደል?» ብሎ መጠየቅ «አዎ» የሚል መልስ መለመን ነው፤ ሰው ላለማስቀየም ብቻ ይስማማል። «የት ነው?» ብለን እንጠይቅ፣ መልሱንም ከሌላ ሰው ጋር እናመሳክር።

መጥፎ ሐሳብ ይዞ መንገድ የሚጠይቅ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ በተለይ እኅቶቻችን ከዚህ የተነሣ ቆሞ መመለስ እንደሚያስፈራቸው አልዘነጋሁም። ከሩቅ ሆኖ መናገር፣ አብሮ አለመሄድ መብታቸው ነው። እሱን ለመሸሽ ብሎ የተሳሳተ አቅጣጫ መስጠት ግን ለማንም አልተፈቀደም፤ ዝም ብሎ ማለፍ እንኳ ከዚያ ይሻላል።

ይህን ጽፌ የማንንም ልማድ በአንድ ጊዜ እንደማልለውጥ አውቃለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል። ከዚያ ቀን በኋላም ሳያውቁ የሚያመለክቱ እጆች በየመንገዱ አያለሁ፣ ባየሁ ቁጥር ያ የተላጠ ተረከዝ ይታየኛል። ሆኖም አልፎ አልፎ «እኔ እንኳ አላውቀውም፣ ግን ይቆዩኝ» ብሎ የሚያውቅ ሰው ሊፈልግ የሚሮጥ ልጅ፣ ከመንገዱ ወጥቶ እንግዳውን እስከ መታጠፊያው የሚሸኝ ሰው አያለሁና ጨርሼ ተስፋ አልቆረጥኩም። ቤታችሁ ልጆች ካሉ፣ ከቤት እስከ ትምህርት ቤታቸው ያለውን መንገድ ለማያውቅ ሰው እንዴት እንደሚነግሩት ዛሬ ማታ ጠይቋቸው፤ ሲሳሳቱ አርሟቸው። ሄደው የማያውቁበትን ቦታም ጠይቋቸው። «አላውቅም» ካሏችሁ አትሳቁባቸው፤ አመስግኗቸው።