አሰጣጡም ይታይ እንጂ
ያነበብኩት ጽሁፍ አይሲዩ (ጽኑ ህሙማን ክፍል) ለተኛ ታማሚ የትኛው አንቲባዮቲክ ይሻላል የሚለው ላይ ብቻ ነው ያተኮረው፣ አሰጣጡስ? ሜሮፔኔምም ሆነ ፒፐራሲሊን ታዞባክታም የሚባሉት አንቲባዮቲኮች ላይ ዋናው ነገር ደም ውስጥ ያለው መጠን ባክቴሪያውን ለመግታት ከሚያስፈልገው በላይ ሆኖ ስንት ሰዓት ቆየ የሚለው ነው፣ በግማሽ ሰዓት ሰጥተህ ስትጨርስ ከፍ ይልና ቀጣዩ ዶዝ ሳይደርስ ሊወርድ ይችላል። በተለይ ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያውክ የሚመጣ አደገኛ ህመም) ያለበት ወጣት ታማሚ ኩላሊቱ ከወትሮው በላይ እየሰራ መድሃኒቱን ጠርጎ ያወጣዋል፣ ክሬቲኒኑ (የኩላሊት ስራ የሚታይበት የደም ምርመራ) ኖርማል ስለሆነ ደግሞ ማንም ልብ አይለውም፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። በፈረንጆቹ 2024 የወጣው ብሊንግ 3 የሚባለው ጥናት 7 ሺህ ገደማ ታማሚዎችን ሲያወዳድር እነዚህ መድሃኒቶች ሳይቋረጥ ቀኑን ሙሉ በቀስታ ከተሰጣቸው በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት 24.9%፣ ተቆራርጦ ከተሰጣቸው 26.8% ናቸው። ልዩነቱ በስታትስቲክስ አልጸናም (በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል)፣ እውነት ነው፣ ግን ከሌሎች ጥናቶች ጋር ተደምሮ ሲተነተን ሞት እንደሚቀንስ ነው ያሳየው፣ መድሃኒቱ እኮ ያው ነው የተቀየረው አሰጣጡ ብቻ ነው! ሎዲንግ ዶዙ (መጀመሪያ ላይ በአንዴ የሚሰጠው ዶዝ) ግን መዘለል የለበትም፣ ሜሮፔኔም ደግሞ ከተበጠበጠ በኋላ ብዙ ስለማይቆይ በየስንት ሰዓቱ እንደሚቀየር ለነርሶቹ በግልጽ ይጻፍላቸው።