ሳይቸግር የመዳብ ሲንክ

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ሲባል ልጅ ሆኜ ነገሩ ስለ ጤፍ ይመስለኝ ነበር። በአርባ አራት ዓመቴ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ስለ ዕቃ ማጠቢያ ሲንክ መሆኑ ገባኝ።

ደህና ሲንክ ነበረኝ። ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ባለ ሁለት ጎድጓዳ፣ ማንም ቆሞ የማያየው። ውኃ ይገባል፣ ውኃ ይወጣል። ከሲንክ ሌላ ምን ይጠበቃል? እኔ ግን ቅዳሜ ምሳ ተጋብዤ ወዳጄ ቤት ሄድኩና ያን የተረገመ መዳብ አየሁ። በመዶሻ የተቀጠቀጠ፣ ፊቱ እንደ ሽርጥ ከካቢኔቱ ወጣ ብሎ የሚታይ፣ ቡናማው ከወርቃማው የተዋሃደ ነገር። እዚህ አገር «የገበሬ ቤት ሲንክ» ይሉታል። አያቴ ጎጃም ውስጥ ገበሬ ነበሩ፤ የእርሳቸው ቤት ሲንክ አንድ ገበቴና ከወንዝ በእንስራ የተቀዳ ውኃ ነበር። የትኛው ገበሬ 1,100 ዶላር አውጥቶ ሰሃን እንደሚያጥብ አላውቅም። እኔ ግን አወጣሁ።

ባለቤቴ «አሮጌው ምን ሆነ?» አለችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በኋላ ዝም ብላ ስታየኝ ነው የከረመችው፤ ከጭቅጭቅ የባሰው ይህ ነው።

ሲንኩ የመጣው ከሜክሲኮ፣ ከሚቾአካን ግዛት ነው። እዚያ ሳንታ ክላራ ዴል ኮብሬ የምትባል ከተማ አለች፤ ስሟ ራሱ መዳብ ይላል፣ ሰዎቿም መዳብ ሲቀጠቅጡ የኖሩ ናቸው። ቀጥቃጮቹን አልወቅስም፣ እጃቸው ይባረክ። የምወቅሰው ሻጩን ነው። የመዳቡን ውፍረት በቁጥር ይነግራችኋል፣ ቁጥሩ ግን የተገላቢጦሽ መሆኑን አይነግራችሁም። 14 ቁጥር ወፍራሙ ነው፣ 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ። 20 ቁጥር ደግሞ የዚያ ግማሽ ነው። «20 ከ14 ይበልጣል» ብዬ ድስት ሲወድቅበት የሚሰረጉደውን ልገዛ ለጥቂት ተረፍኩ። ያዳነኝ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ ናት።

ከዚያ መግጠሙ መጣ። እንዲህ ያለው ሲንክ እንደ ተራው ከላይ በተቆረጠ ቀዳዳ ውስጥ አይገባም፤ ፊቱ ክፍት መሆን አለበት። የካቢኔቱ ግንባር ይቆረጣል፣ ከሲንኩ ፊት ያለው የግራናይት ጠርዝም ይነሣል። ደንቡ መጀመሪያ ሲንኩን አስቀምጦ ግራናይቱን በእርሱ ልክ ማስቆረጥ ነው። ግራናይቱ ቀድሞ ተነጥፎ ላለ ሰውስ? «እንቆርጠዋለን» አለኝ ቆራጩ፣ ድፎ ዳቦ የሚቆርስ ይመስል። ቆረጠውም። ነጭ አቧራው ሳሎኑን አልፎ፣ ደረጃውን ወጥቶ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ የሀገር ልብስ ላይ ዐረፈ። ከኋላ በኩል ቧንቧው የቆመባት አራት ጣት የማትሞላ ድንጋይ ደግሞ መሐል ለመሐል ተሰነጠቀች። «የድንጋዩ ባሕርይ ነው» አለኝ። ባሕርዩን ከመቁረጡ በፊት ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

በእጅ የተሠራ ስለሆነም ግራው ከቀኙ በስድስት ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ክፍተቱን ሲሊኮን ይሸፍነዋል። ሲሊኮን ባይኖር ኖሮ ስንት ሰው እስር ቤት ይገባ ነበር!

የሁሉም ቁንጮ ግን ፍሳሹ ነው። የድሮው ሲንክ ጥልቀት 7 ኢንች ነበር፣ አዲሱ 10 ነው። «ሦስት ኢንች ምን ያመጣል?» ብዬ ነበር። ከሲንኩ ሥር የምግብ ትርፍራፊ መፍጫው ይንጠለጠላል፣ ከመፍጫው ቀጥሎ ሲፎኑ፣ ከሲፎኑ ወደ ግድግዳው ቧንቧ። ሲንኩ ሦስት ኢንች ሲወርድ ሁሉም አብሮት ይወርዳል፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ውኃው ከሲንኩ ለመውጣት ሽቅብ መፍሰስ ነበረበት። እንዲህ ያለ ውኃ ገና አልተገኘም። መፍጫው ውስጥ ይተኛል፣ ያድራል፣ ይሸታል።

ከአዲስ አበባ ጀምሮ ዕድሜያቸውን በቧንቧ ሥራ የጨረሱ አንድ ጋሼ መጡልኝ። ተንበርክከው በባትሪ አዩ። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። መጥፎ ውጤት የያዘ ሐኪም ዝምታ ነበር። ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ይህን ገንዳ ስትገዛ ግድግዳውን አማክረኸው ነበር?» አሉኝ።

ግድግዳው ተከፈተ። ቤቱ በ1950ዎቹ የተሠራ ነው፤ ቧንቧው ዚንክ የተቀባ የዚያ ዘመን ብረት፣ ውስጡ በዝገት ተደፍኖ ትንሿ ጣቴ እንኳ አታልፍበትም። ጋሼ በመፍቻ ነካ ሲያደርጉት እንደ ደረቀ ቆሎ ተንኮታኮተ። ዝቅ ተደርጎ ይቀጠላል የተባለው ቧንቧ እስከ ምድር ቤት ድረስ ተነቅሎ በፕላስቲክ ተተካ። ያ ሥራ ብቻ ከሲንኩ ዋጋ በለጠ። ገንዳው ጢም ሲል 90 ሊትር ያህል ውኃ ስለሚይዝ፣ ማለትም ካቢኔቱ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ቆመ ማለት ስለሆነ፣ ከሥሩ የእንጨት ደገፋም ተሠራ። የእርሱን ሒሳብ ተዉት።

በዚህ ሁሉ መሐል ሃያ ሁለት ቀን ሰሃን ያጠብኩት በገላ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ተንበርክኬ ነው። ቀይ ወጥ የነካው ድስት፣ የገንፎ ሰሃን፣ ሁሉም። ልጆቼ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተቱ ትምህርት ቤት ሄዱ።

በመጨረሻ ተገጠመ። አያምርም አልልም፣ ያምራል። ከሣጥኑ ሥር ግን አንድ ወረቀት ተገኘ፦ ሎሚ አታሳድሩበት፣ ኮምጣጤ አታሳድሩበት፣ ቲማቲም አታሳድሩበት፣ በረኪና ጨርሶ አታስጠጉ። አሲድ የመዳቡን ቡናማ ወዝ ይገፈዋል። ይህን የጻፈው ሰው እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ገብቶ ያውቃል? የሊጥ ባልዲ የት ይታጠብ? እርሾው የፈሰሰበት ቦታ በማግሥቱ እንደ አዲስ ሳንቲም ሮዝ ሆኖ ተገኘ። ሻጩን ስጠይቀው «ሕይወት ያለው ቀለም ነው፣ ይለዋወጣል» አለኝ። ሕይወት ያለው ነገር ከፈለግሁ ድመት አሳድግ ነበር።

ይኸው ሻጭ «መዳብ ባክቴሪያ ይገድላል» ብሎም ነበር። እውነት ነው፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የመዳብ ቅይጦችን በ2008 እ.ኤ.አ. በዚሁ መዝግቧቸዋል። ነገር ግን መዳቡ ሰም ወይም ቀለም ካልተቀባ ነው። እዚያው ወረቀት ላይ ደግሞ «ወዙ እንዲጠበቅ ሰም ቀቡት» ይላል። ልቀባው ወይስ ልተወው?

ባለፈው ሳምንት ይህን ጥያቄ እማዬ ፈታችልኝ። ለልጄ ምረቃ ከአዲስ አበባ መጥታለች። ሁላችንም ሥራ ውለን ስንመለስ ሲንኩ ያብረቀርቃል። ሎሚ ሰንጥቃ፣ አመድ ስታጣ ጨው ነስንሳ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈትጋዋለች። የነሐስ ዕቃ ስታጸዳ የኖረች እጅ ናት፣ አንዲት ቡናማ ነጥብ አልቀረችም። «ዝጎ ነበር እኮ ልጄ» አለችኝ በኩራት፤ ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሚስትህ ሥራ ይበዛባታል መሰለኝ፣ እንዲህ ትታው»። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ወዙ ይመለሳል፣ ታገሡት» አለ። የኒው ዮርኳ የነፃነት ሐውልትም መዳብ ናት፤ በ1886 ስትመረቅ ቡናማ ነበረች፣ አረንጓዴ ለመሆን አሥርት ዓመታት ፈጅቶባታል። እርሷ ላይ ግን ሊጥ የሚደፋ የለም።

እማዬ የምትመለሰው በመስከረም ነው። እስከዚያው ቤታችን ሎሚ አይገባም።