ኧረ እናቶቻችንን አታስደንግጡብን!

ብስክሌት ለምትነዱ ነው፤ ዛሬ ይቺን ካልተነፈስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ኒው ዮርክ ውስጥ ታክሲ ነው የምነዳው። በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን አስር አስራ አንድ ሰዓት መሪ ላይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ክላክስ ስሰማ ውዬ ማታም ጆሮዬ ውስጥ ሲጮህ ያድራል። እማዬ ከአዲስ አበባ ከመጣች ዓመት ሊሞላት ነው። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ስኳርና ደም ግፊት አለባት፣ ጉልበቷም ያማታል። ሐኪሟ «በእግርዎ ይንቀሳቀሱ፣ ዳገት ግን ይቅርብዎት» አሏት። እኛ ያለንበት የብሮንክስ ሰፈር ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ነው። መንገድ ስታቋርጥ መብራቱ መሃል ላይ ያልቅባታል፤ የሚታጠፈው መኪና አፍንጫዋ ሥር መጥቶ ይቆማል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ከሶፋ ወደ ኩሽና፣ ከኩሽና ወደ ሶፋ ሆነ ኑሮዋ። ስታያት ሆድህ ይባባል።

ገቨርነርስ አይላንድ የሚባለውን ደሴት የነገረኝ አብሮኝ የሚሠራ ሾፌር ነው። «መኪና የሚባል የለበትም፣ መንገዱ ሜዳ ነው፣ እናትህን ውሰዳት» አለኝ። ወሰድኳት። 4 ቁጥር ባቡር ይዘን ቦውሊንግ ግሪን ወረድን፣ ከዚያ ትንሽ ተራምደን ወደ ደሴቱ የሚያሻግረው ጀልባ፣ ፌሪው ጋ ደረስን። ደሴቱ ከማንሃተን ጫፍ 800 ያርድ ብቻ ነው የሚርቀው፤ በውኃው ላይ አስር ደቂቃ እንኳን አይፈጅም። ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ደግሞ ፌሪው ነፃ ነው።

የዚያን ቀን የእማዬን ፊት ብታዩት! ከፌሪው ወርደን ትንሽ እንደሄድን ቀጥ ብላ ቆመች። «ምነው?» ስላት «ዝም አለ እኮ» አለችኝ። ከአንዳንድ የሠራተኛ መኪና በቀር የሞተር ድምፅ የለም። ወደ ቀኝ ይዘን ካስል ዊልያምስ የሚባለውን በ1811 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ያለቀ ክብ የድንጋይ ምሽግ አልፈን፣ ባሕሩን በቀኛችን አድርገን፣ የነፃነት ሐውልትን ፊት ለፊት እያየን ወደ ደቡቡ ጫፍ ወረድን። ከዚያ በብሩክሊን በኩል ዞረን ወደ ፌሪው ተመለስን። ዙሪያው 2.2 ማይል ነው፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ። ዳገት ያማረው 70 ጫማ ከፍታ ያለው ኮረብታ አለለት፤ የዳርቻው መንገድ ግን እንደ እጅ መዳፍ የተዘረጋ ነው። እማዬ አራት ጊዜ አርፋ ጨረሰችው። ማታ ለእህቴ አዲስ አበባ ደውላ «ዛሬ ባሕር ዞርኩ» ስትላት በጆሮዬ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የእማዬ ቀን ሆነ። አንድ ቀን ከደሴቱ 172 ኤከር ውስጥ 103ቱ በኋላ የተደለደለ መሬት እንደሆነ ነገርኳት። ከመቶ ዓመት በፊት የሌክሲንግተን አቬኑን የምድር ባቡር ሲቆፍሩ የወጣው አፈርና ድንጋይ ነው እዚህ መጥቶ የተደፋው። የኛ 4 ቁጥር ማለት ነው! «ታዲያ ባቡሩ ወደ ገዛ አፈሩ ነዋ ያመጣን» ብላ ጫማዋን መሬቱ ላይ መታ መታ አደረገች። እንዲህ ነበር የምትወደው።

አሁን ወደ ብሶቴ ልምጣ።

ባለፈው ሳምንት ፀሐይ ነበር፣ ሕዝቡ ጢም ብሏል። ከሐውልቱ ትይዩ አልፈን ወደ ደቡቡ ጫፍ እየተጠጋን ነው። ውኃ ልስጣት ብዬ ከቦርሳዬ ጠርሙስ ሳወጣ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ቀረሁ። ከኋላችን አንድ ብስክሌት በሩጫ መጣ፤ ልጁ ፍሬን አልነካም፣ «ሌፍት!» ብሎ ጮኸ። እዚህ አገር እንደዚያ ነው የሚሉት፣ «በግራሽ በኩል ላልፍ ነው» ለማለት። እማዬ እንግሊዝኛ አትችልም። አውቶቡስ ላይ እንዳትቸገር ብዬ «ሌፍት» ግራ ነው፣ «ራይት» ቀኝ ነው ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ቃሉን ሰማች፣ ወደ ግራ ሂጂ የተባለች መሰላት፣ እሺ ብላ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄደች።

ጠርሙሱን ጥዬ ትከሻዋን ይዤ ሳብኳት። ብስክሌቱ በአንድ ስንዝር አለፈ። የነጠላዋ ጫፍ ሰንሰለቱን ነክቶ ጥለቱ ላይ ጥቁር ቅባት አሰመረበት። እማዬ ክው አለች። የባሕሩን አጥር በሁለት እጇ ይዛ ቆመች፣ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ ቃል አይወጣትም። ልጁ ዞር ብሎ «ተናግሬያለሁ እኮ!» አለና ሄደ። አልቆመም። «ደህና ነሽ ወይ» አላለም።

እማዬ ትንፋሿ ሲመለስ «እነዚህም መኪና ናቸው እንዴ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

እኔ ብስክሌት አልጠላም። መኪና ከመንዳት ብስክሌት መንዳት ይሻላል፣ ለከተማውም ለጤናም። ግን ሾፌር ነኝና መሪ የጨበጠ ሰው ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። «ክላክስ አድርጌያለሁ፣ እንግዲህ የራሷ ጉዳይ» የሚለውን ሰበብ እኔም በጀማሪነቴ ብያለሁ። ክላክስ ግን ፍሬን አይደለም። ጮኸህ ከተናገርክ በኋላ ያቺ ሰው ትስማ አትስማ፣ ትረዳ አትረዳ አታውቅም። ጆሮዋ የማይሰማ ልትሆን ትችላለች፤ ቋንቋውን የማታውቅ እንግዳ ልትሆን ትችላለች፤ ቋንቋውን የሚያውቀውም ቢሆን በድንገት «ግራ!» ሲባል ስንቱ ነው ወደ ግራ የሚዘለው። ከኋላ የምትመጣው አንተ ነህ፣ የምታየው አንተ ነህ፣ እሷ ጀርባዋ ላይ ዓይን የላትም። ስለዚህ ቀዝቀዝ ማለት ያለብህ አንተ ነህ።

ባለ አራት ጎማዎቹ ደግሞ አሉ፤ ጣሪያ ያላቸው፣ ቤተሰብ ሙሉ ተጭኖ የሚነዳቸው የኪራይ ብስክሌቶች። አባትየው ስልክ ይቀርጻል፣ መሪውን የያዘው የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሽቀዳደሙ እግረኛው ሣር ላይ ይወጣል። የሚያከራዩት ሰዎች ሲያስረክቡ «እግረኛ ይቅደም» የምትል አንዲት ቃል ቢናገሩ ምን ይጎድልባቸዋል?

የሚያንገበግበኝ ይህ ቦታ እንዴት እንደተገኘ ሳስበው ነው። በፈረንጆቹ እስከ 1966 የጦር ሠራዊት ሰፈር ነበረ፣ ከዚያ እስከ 1996 የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ይዘውት ነበር። እንደኛ ያለ ሰው እንደልቡ አይረግጠውም። በ2003 እ.ኤ.አ. ነው የፌደራሉ መንግሥት አብዛኛውን ክፍል በ1 ዶላር ለኒው ዮርክ የሸጠው፣ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ሆነ። በዚህ ሁሉ ሚሊዮን ሕዝብ መሃል አንዲት አሮጊት ወደኋላ ሳትገላመጥ የምትራመድበት ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ተገኘ። እሱንም እንንጠቃት?

አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ሲጀመር እማዬ ጎረቤቶቿን ሰብስባ አስፋልቱ መሃል ወጥታ እንደተራመደች እስከዛሬ ታወራለች። «በአስፋልት መሃል፣ እንደ ንግሥት!» እያለች። ስሙን እዩት እስቲ፣ መንገድ ለሰው። መኪናውን አስወጥተን በቦታው ሌላ የሚያባርር ነገር ካስገባን ለማን ሆነ መንገዱ?

ወገኖቼ፣ እናንተም ልጆቻችሁን ይዛችሁ እዚያ ደሴት እንደምትሄዱ አውቃለሁ፣ ብዙዎቻችሁን አግኝቻለሁ። ብስክሌት ስትከራዩ እባካችሁ፣ በእናታችሁ፣ ከፊታችሁ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ስታዩ ፍሬን ያዙ። በእግር ፍጥነት ተከተሉ፣ መንገዱ ሲሰፋ ራቅ ብላችሁ እለፉ። ካልሆነ ውረዱና ግፉት። ልጆቻችሁንም እንዲህ አስተምሩ፤ አዋቂው የማይሰማ ከሆነ ልጆቹ ይስሙ። ፌሪው እንደሆነ ተመላልሶ ይመጣል፣ ማንም ጥሏችሁ አይሄድም።

ነጠላውን ማታ በሳሙና አሸሁት፣ በሎሚም ሞከርኩ። ቅባቱ ፈዘዘ እንጂ አልለቀቀም። ትናንት «እማዬ፣ ነገ ቅዳሜ ነው፣ በጠዋቱ ፌሪ እንሂድ፣ ሰው ሳይበዛ» አልኳት። «ጉልበቴን ትንሽ አሞኛል የኔ ልጅ፣ አንተም ደክሞሃል፣ ተኛ» አለችኝ። ጉልበቷ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የመራመጃ ጫማዋን በር ሥር ነበር የምታስቀምጠው፤ ዛሬ ጠዋት ሳየው ፌስታል ውስጥ አስገብታ አልጋዋ ሥር ገፍታዋለች።