የአያቶቻችን ዋግ ሌላ፣ የዛሬው ሌላ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ አዳማ አንድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስለ ዘንድሮው የመኸር ሥራ ነው። አንድ የግብርና ኃላፊ ማይክ ያዙና የተናገሩት ነገር እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። የስንዴ ዋግ የአያቶቻችን በሽታ ነው፣ አዲስ ነገር የለውም አሉ። ስለዚህ በየዓመቱ ለዳሰሳና ለናሙና የሚወጣው ገንዘብ ይቀነስና መድኃኒት ይገዛበት። ጥናቱ በቅቶናል፣ ገበሬው የሚፈልገው የሚረጭ ነገር ነው አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። የእኔ እጅ ግን አልታዘዝ አለኝ።

“የአያቶቻችን በሽታ” የምትለዋን አስቀድመን እንያት፤ ጭብጨባውን ያመጣችው እሷ ናት። አያቶቻችን ዋግን ያውቁታል። ስሙን ያወጡለትም እነሱ ናቸው። ወባም የአያቶቻችን በሽታ ነው። ታዲያ የወባ ምርመራ ይቅር? ክሎሮኪን አልሠራ ሲል በፋንሲዳር፣ እሱም አልሠራ ሲል በኮአርተም የተተካው እኮ በሽታው መለወጡን አጥንቶ የደረሰበት ሰው ስለነበረ ነው። ስሙ አንድ ስለሆነ በሽታው አንድ ነው ማለት ትልቅ ስህተት ነው። ከአንድ የግብርና ኃላፊ አፍ ሲወጣ ደግሞ ስህተት ብቻ አይደለም፣ አደጋ ነው።

አርሲ ውስጥ ስንዴ የሚያርስ አጎት አለኝ። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ አገሩን ሲያዳርስ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ የዘራ ሁሉ አለቀሰ። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 600,000 ሄክታር ስንዴ ተመታ። ዲገሉ የሚባለው ዝርያ ግን ቻለው። ከዚያ በኋላ ገበሬው ዲገሉ ካልሆነ አለ። አጎቴም ከጎረቤት ዘር ለውጦ ማሳውን በሙሉ ዲገሉ ዘራ። ዲገሉ ከቢጫው ሌላ፣ ግንዱን የሚመታውን ዩጂ99 የተባለ የግንድ ዋግ እንኳ ይቋቋም ነበር። ዩጂ99 ማለት እ.ኤ.አ. በ1998 ኡጋንዳ ውስጥ የታየው፣ በ2006 የመን፣ በ2007 ኢራን የደረሰው ነው። የስንዴ ሊቁ ኖርማን ቦርላግ በ91 ዓመታቸው ተነስተው ዓለምን ያስጠነቀቁበትም እሱው ነው። ዲገሉ ይህን ቻለ ሲባል ሁሉም እፎይ አለ።

እፎይታው ሦስት ዓመት ነው የቆየው። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አጎቴ ደወለልኝ። “ና እይልኝ” አለ እንጂ ሌላ ነገር አልነገረኝም። ሄድኩ። ማሳው መሃል ገብቼ ስወጣ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ድረስ ቀልቷል። ግንዱን በሁለት ጣቴ ሳሻሸው የሸክላ ዱቄት የመሰለ ብናኝ እጄ ላይ ቀረ። ቆዳው ተሰነጣጥቆ ተልጧል። ዛላው ቆሟል፣ ውስጡ ያለው ፍሬ ግን የተጨማደደ፣ እፍ ሲሉት የሚበር ነው። ኮምባይነር የሚነዳው ልጅ መጣ። ዳር ዳሩን ዞሮ አየና “ጋሼ፣ ይሄ የነዳጄን እንኳ አይመልስም” ብሎ ሄደ። አጎቴ ከብቶቹን ለቀቀበት። የዓመት ስንዴ የከብት መኖ ሆነ።

ያ ዋግ አዲስ ዓይነት ነበር። ባለሙያዎቹ ቲኬቲቲኤፍ ይሉታል። ዩጂ99 አይደለም፣ የዩጂ99 ዘርም አይደለም። ዲገሉን ከግንድ ዋግ ይጠብቀው የነበረውን ጂን አልፎ ገባ። አርሲና ባሌ ላይ አንድ ኩንታል ሳይሰጥ የቀረ ማሳ ነበር። አያቴ ይህን ዋግ አላየውም። አባቴም አላየውም። ታዲያ የየትኛው አያት በሽታ ነው?

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አዲሱንና አሮጌውን ዋግ በዓይን አይቶ የሚለይ ሰው የለም። ገበሬው አይለየውም፣ የልማት ሠራተኛው አይለየውም፣ ፕሮፌሰሩም ማሳ ላይ ቆሞ አይለየውም። ቀይ ብናኝ ያው ቀይ ብናኝ ነው። የሚለየው ናሙናው ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ በአዳማ አሰላ መንገድ ብትሄዱ ኢተያ አካባቢ ፒክአፕ ዳር አቁመው ስንዴ ውስጥ የገቡ ልጆች ታያላችሁ። አንዱ ጂፒኤስ ይዟል። ሌላው በመቀስ ከግንዱ ጣት የምታህል ቁራጭ ይቆርጥና የወረቀት ፖስታ ውስጥ ይከታታል። ፌስታል አይሆንም፣ ያልበውና ይበሰብሳል። ፖስታው ላይ ቀኑ፣ ቀበሌው፣ የዝርያው ስም ይጻፋል። ፖስታው አምቦ ምርምር ማዕከል ይሄዳል። እዚያ ከናሙናው የተባዛው ብናኝ በ20 የተለያዩ ስንዴዎች ቡቃያ ላይ ይረጫል። ሁለት ሳምንት ያህል ይጠበቃል። የትኛው ተመታ፣ የትኛው ቻለ ተብሎ አንድ በአንድ ይነበባል። እንደ ቲኬቲቲኤፍ ያሉት፣ የዋጉን ዓይነት የሚለዩት አምስት ፊደላት የሚወጡት ከዚህ ነው። መቀስ፣ ፖስታ፣ ነዳጅ፣ የልጆቹ አበል። ይቀነስ የተባለው ገንዘብ ይሄ ነው።

አጎቴን ያከሰረው ዋግ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ወረርሽኙ ከመነሳቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እዚሁ አገራችን ናሙና ላይ ታይቶ ነበር። ይህን ስናገር “አየህ፣ ታይቶም አልረዳም” የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ በጊዜ ሌላ ዘር አልደረሰም። ምርምሩና ዘር አባዡ ተናበው አይሠሩም፣ ሪፖርቱም ገበሬው በማያነበው ቋንቋ ይጻፋል። ይህን አልክድም። ግን ጠባቂው ጮኾ ሰው ካልነቃ፣ ጥፋቱ የጠባቂው ነው እንዴ? ጠባቂውን አባሮ በሰላም ማደር ይቻላል?

ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። አይገዛ ያለ የለም። ቲልትም ሬክስ ዱዎም የተባሉት የዋግ መድኃኒቶች በጊዜ ከተረጩ ይሠራሉ። ጣጣው “በጊዜ” የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ማሳው ቀልቶ ሱሪ ካቀለመ በኋላ መርጫ በጀርባ አዝሎ መሮጥ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የትኛው ወረዳ፣ የትኛው ሳምንት፣ የትኛው ዝርያ ላይ ይረጭ የሚለውን የሚነግረን ዳሰሳው ነው። ዳሰሳ የሌለው መድኃኒት ዕውር ነው። ደግሞ መድኃኒቱ በዶላር ነው የሚገባው። ዶላሩ ምን እንደሆነ ለአዳማ ነጋዴ አልነግረውም። ለአንድ ፖስታ የሚወጣውን ብር ነፍጎ ለአንድ ጀሪካን ዶላር ፍለጋ መንከራተት ቁጠባ አይባልም።

ዋግ በነፋስ ይሄዳል፣ ድንበር አያግደውም። የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከእንግሊዝ ሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ ብናኙ በሚቀጥሉት ቀናት ወዴት እንደሚነፍስ የሚተነብይ ሥርዓት ዘርግቷል። የሚያኮራ ሥራ ነው። ግን ትንበያው የሚነሳው ልጆቹ ከማሳ ከሚልኩት መረጃ ነው። ማሳ የሚገባ ሰው ከሌለ ኮምፒውተሩ ምኑን ይተንብይ?

አንድ ነገር ደግሞ ዘንድሮ ከምንጊዜውም በላይ ያስፈራኛል። ዋግ የሚኖረው ሕይወት ባለው ተክል ላይ ነው። ድሮ በጋው፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም፣ ያዳክመው ነበር። አሁን የበጋ መስኖ ስንዴ አለን። በአዋሽ ዳርቻ መኸሩ ሲታጨድ የበጋው ይዘራል፣ የበጋው ሳይደርቅ ደግሞ በልጉ ይመጣል። ስንዴው ይብዛ፣ ደስ ይለኛል። ግን ዋጉ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ዓመቱን ሙሉ የሚሻገርበት አረንጓዴ ድልድይ ሠርተንለታል። ድልድዩን በሠራንበት ጊዜ ዘበኛውን እናንሳ መባሉ ነው ደሜን ያፈላው። ይህን ገንዘብ የሚቀንስ ሰው ቀጣዩን ወረርሽኝ በገዛ እጁ እየጋበዘ ነው።

ጥናት መደርደሪያ ላይ ይቀራል የሚለውንም ሰምቻለሁ። ቡና የሚያመርት ሰው 74110፣ 74112 ሲል ምን እያለ እንደሆነ ኃላፊው ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ሲገባ ተመራማሪዎች ጫካ ገብተው የሚቋቋሙ ዛፎችን መረጡ። ቁጥሩ ፊት ያለው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው። ዛሬም ገበሬው ጓሮ ቆመው ያፈራሉ። መደርደሪያ ላይ አይደሉም።

ትናንት ማታ ከአጎቴ ጋር በስልክ አወራን። ስንዴው ጥሩ ይዟል፣ ዝናቡም አልከፋም። ስለ ስብሰባው አልነገርኩትም። ልንዘጋ ስንል “እነዚያ ፖስታ የሚይዙት ልጆች መስከረም ላይ ይመጣሉ አይደል? ታችኛው ማሳ ላይ አንድ የማሳያቸው ነገር አለ” አለኝ። የታችኛውን ቅጠል ሲነካው እጁ ቀልቷል። ስንት ቦታ አየህ አልኩት። ሦስት ቦታ አለኝ።