ከፊርማው በፊት ያሉት ዓመታት

የባሕር ዳር ሰፈሮች የአባይ ማዶና የሽምብጥ ታዳጊዎች የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾችን ሳምንታዊ ደመወዝ በቃላቸው ይነግሯችኋል። መኪናውንም፣ የተዛወረበትንም ዋጋ ያውቃሉ። ያ ተጫዋች ከ9 እስከ 18 ዓመቱ በምን ሥርዓት እንዳለፈ ግን የሚነግራቸው የለም። በአቅራቢያቸው የሚያዩት አርአያም አንሷል። የጣና ሞገዶቹ፣ የከተማው ክለብ ባሕር ዳር ከነማ፣ አሉ፤ ብሔራዊ ቡድኑ ግን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2021 በባሕር ዳር ስታዲየም ደቡብ አፍሪካን ከገጠመ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሜዳውን ስለከለከለ፣ በሜዳው ሊያደርገው የነበረውን ተከታይ የጋና ጨዋታ እንኳ ጆሃንስበርግ ሄዶ ነው ያስተናገደው። ለልጆቹ የቀረላቸው ስክሪኑ ነው፤ ስክሪኑ ደግሞ ፊርማውን ብቻ ያሳያል።

እኛ በምንኖርበት እንግሊዝ ልጁ ከ9 ዓመቱ ጀምሮ በአካዳሚ ይመዘገባል። 16 ሲሞላው ከተመረጠ የሁለት ዓመት የሥልጠና ውል ያገኛል፤ ትምህርቱም የውሉ አካል ነው። ፕሮፌሽናል ውል የሚፈርመው 17 ሲሞላው ነው። ወኪል ደግሞ 16 ዓመት ከሚሞላበት ዓመት መጀመሪያ በፊት ሊያናግረው አይፈቀድለትም። ሊቨርፑል በ2016 ለ17 ዓመት ልጆች የመጀመሪያ ዓመት ደመወዝ የ40,000 ፓውንድ ጣሪያ አበጅቷል፤ ገንዘቡ ቀድሞ ከመጣ ልጁ ለልምምድ ያለው ረሃብ ይጠፋል ብለው ነው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም አብዛኞቹ ልጆች ይሰናበታሉ። የሚሰናበተው ልጅ ግን ቢያንስ ትምህርቱን ይዞ ነው የሚወጣው።

ባሕር ዳር ላይ ያንን ሥራ የሚሠራው የሰፈር ፕሮጀክት፣ ማለትም የሰፈር ልጆችን የሚያሠለጥነው ቡድን፣ ነው። አሰልጣኙ ጊዜውንም ጉልበቱንም ይሰጣል፤ ያሳደገውን ልጅ መዝገብ ግን ብዙ ጊዜ አይዝም። ጉዳቱ ከባድ ነው። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች በውል ዘመኑ ከአገር አገር ሲሸጥ ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው እያንዳንዱ የውድድር ዘመን 0.25 በመቶ፣ ከ16 ጀምሮ ደግሞ 0.5 በመቶ ነው። በ1 ሚሊዮን ዩሮ የተሸጠ ልጅን ከ12 እስከ 17 ዓመቱ ያሠለጠነ ክለብ 20,000 ዩሮ ይደርሰዋል። ያ ገንዘብ የሚገኘው ክለቡ የፌዴሬሽኑ አባል ከሆነና ልጁ በየዓመቱ በስሙ ከተመዘገበ ብቻ ነው።

ዕድሜ መቀነስ የሚያስከትለውንም እዚሁ ላይ አስቡት። የ14 ዓመቱን ልጅ በወረቀት 11 ያደረገ ሰው፣ ከ12 ዓመት በታች ያለው ጊዜ ስለማይቆጠር የራሱን ፕሮጀክት የእነዚያን ዓመታት ድርሻ ይሰርዛል። ልጁም ከ17 ዓመት በታች ውድድር ሲጠራ የእጅ አንጓው በኤምአርአይ ይታያል፤ አጥንቱ ሙሉ በሙሉ ከተጋጠመ ዕድሜው እንዳለፈ ተቆጥሮ ከቡድኑ ይወጣል። ይህን በልጅ ላይ የሚያደርግ አዋቂ ይቅርታ የለውም።

በዚህ ክፍተት የሚገባው ደላላ ነው። «አውሮፓ ሙከራ አግኝቼለታለሁ» ብሎ የፕሮሰስ ይጠይቃል፤ ወላጅም በሬውን ወይም ቦታውን ይሸጣል። እናቶችና አባቶች፣ ይህን ያዙ፦ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ወደ ሌላ አገር ክለብ መዛወር በፊፋ የተከለከለ ነው። ቤተሰቡ ከእግር ኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት አብሮት ሲሄድ እንደሚፈቀደው ያሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ብቻ አሉ። ስለዚህ ለ15 ዓመት ልጅ የመጣ የአውሮፓ ግብዣ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ወደ ምዝገባ አይደርስም። የወኪል ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው በስሙ ነው፣ ለድርጅት አይደለም፤ ስሙን ፊፋ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ፈልጉ። ከሌለ ብር አትስጡ።

ከውጭ ማሊያና ኳስ የምትልኩ ወገኖችም ዘንድሮ ከመላካችሁ በፊት አሰልጣኙን ጠይቁት፦ ስንቱ ልጅ የልደት ሰርተፊኬት አለው? ስንቱስ በፌዴሬሽኑ ተመዝግቧል? የጎደለውን ማሟያ ወጪ መጀመሪያ ሸፍኑ፤ ማሊያው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።