እርማት፦ መብራቱ ሙዚቃውን አይሰማም
ወንድሜ፣ ከዚራ ሰፈር ለገና በረንዳቸውን ያደመቁትን ጎረቤትህን አይተህ «መብራቶቹ ሙዚቃውን በማይክሮፎን እየሰሙ ነው የሚጨፍሩት» ብለሃል። እንዲህ የሚሠራ ቀላል መሣሪያ አለ፤ ነገር ግን የድምፁን ጉልበት ተከትሎ ብልጭ ድርግም ከማለት በቀር ቀጥሎ የሚመጣውን አያውቅም። ከዜማው ጋር ልክ የሚገጥም ትርኢት አስቀድሞ በኮምፒውተር የተዘጋጀ ነው። ለምሳሌ ኤክስላይትስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ዘፈኑ በጊዜ መስመር ላይ ይዘረጋል፤ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 20 ወይም 40 ጊዜ የእያንዳንዱ አምፖል ቀለምና ድምቀት ይወሰናል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ለየብቻ ስለሚታዘዙ 100 አምፖል 300 ትእዛዝ ይፈልጋል። የዚህን ሁሉ ልፋት ምስጋና ለማይክሮፎን መስጠት ያሳዝነኛል! ካላመንክ ድምፅ ማጉያውን እንዲያጠፉልህ ለምናቸው፤ መብራቱ ሥርዓቱን ሳይስት ይቀጥላል።